ስኳር እያለብን ለበጎ አድራጎት ብስክሌት ስንነዳ፦ በድሬዳዋ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለጉዞው ሊመዘገብ የሚመጣ ሰው ዋናውን ጥያቄ የሚጠይቀኝ ስሙን ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ነው። ከጎኑ የቆመው ሰው እስኪሄድ ይጠብቃል፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔ እንኳ ስኳር አለብኝ» ይለኛል። እኔም አለብኝ። ኢንሱሊን መወጋት ከጀመርኩ 16 ዓመት ሆኖኛል፤ ከዚህ ውስጥ ዘጠኙን ብስክሌት እየነዳሁ አሳልፌዋለሁ። ጉዞው ስኳር ላለባቸው ልጆች የመለኪያ ስትሪፕና መርፌ መግዣ የሚሰበሰብበት ነው፤ እነዚያው ስኳር ያለባቸው ሰዎች ፈርተው ቢቀሩበት ያሳዝነኛል። ስለዚህ በሹክሹክታ የሚጠየቀውን ሁሉ እዚህ በግልጽ ልመልስ። ሐኪም አይደለሁም። የመድኃኒት መጠን የሚወስነው የእርስዎን ካርድ የያዘው ሐኪም ብቻ ነው።

ስኳር ያለበት ሰው ረጅም መንገድ በብስክሌት መሄድ ይችላል?

ይችላል። ጡንቻ ሲሠራ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ለማገዶ ይወስዳል፤ ኢንሱሊንም በዚያ ሰዓት በትንሽ መጠን ብዙ ይሠራል። ከብስክሌቱ ሲወርዱም ነገሩ አያበቃም፤ ሰውነት እስከ ማግስቱ ድረስ ስኳርን በቀላሉ ሲጠቀም ይቆያል። ጥቅሙም አደጋውም ከዚህ ከአንድ ምንጭ ይቀዳል።

አርአያ ለሚፈልግ፣ ቲም ኖቮ ኖርዲስክ የሚባለውን የብስክሌት ቡድን ልጥቀስ። ተወዳዳሪዎቹ በሙሉ የአንደኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ያለባቸው ናቸው፤ ወደ 300 ኪሎ ሜትር በሚጠጋው የሚላን–ሳንሬሞ ውድድር ላይ ተሰልፈዋል። በአሜሪካ ደግሞ የአገሪቱ የስኳር ሕመም ማኅበር ቱር ደ ኪዩር በተባለ ጉዞ ገንዘብ ያሰባስባል። በዚያ ጉዞ ስኳር ያለባቸው ነጂዎች ቀይ ማሊያ ለብሰው ይሄዳሉ፤ በመንገድ ዳር የቆመውም ሰው እነሱን ለይቶ ያበረታታቸዋል። ይህን መጀመሪያ የሰማሁ ዕለት ብዙ አሰብኩ። እኛ ከጎረቤት የምንደብቀውን እነሱ ደረታቸው ላይ ለብሰውታል።

ከመመዝገቤ በፊት ሐኪም ማየት አለብኝ?

አዎ፣ በተለይ ዕድሜዎ ከ40 ካለፈ ወይም ሕመሙ ከያዘዎት ብዙ ዓመት ከሆነ። በሚቀጥለው ቀጠሮዎ «ብስክሌት ልነዳ ነው» ብለው አራት ነገሮች ያስመርምሩ፦ የደም ግፊትና ልብ፣ ዓይን፣ እግር፣ በዚያ ዕለት የሚወስዱት መድኃኒት። በዓይን የውስጠኛ ክፍል የደም ሥሮች ላይ ጉዳት ያለበት ሰው ዳገት ላይ ትንፋሹን ይዞ ሲታገል ደም ሊፈስበት ይችላል። ይህ ሰው መጀመሪያ የዓይን ሐኪሙን ፈቃድ ማግኘት አለበት።

ስለ እግር አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። አብረውን የነዱ አንድ አባት ጉዞው ሲያልቅ ጫማቸውን አውልቀው ሲያራግፉ የሽንብራ ፍሬ የምታህል ጠጠር ወደቀች። ካልሲያቸው ተረከዙ ላይ ደም ጠጥቷል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ያቺን ጠጠር ተሸክመው ነድተዋል፤ ምንም አልተሰማቸውም። ስኳር የእግርን ነርቭ ሲጎዳ ሕመም የሚባለው ማስጠንቀቂያ ይጠፋል። ስለዚህ በነጠላ ጫማ አንነዳም። ከመነሣታችን በፊት ጫማችንን ገልብጠን እናራግፋለን፣ ስንመለስ ደግሞ የውስጥ እግራችንን በመስታወት ወይም በሌላ ሰው ዓይን እናያለን። አባታችን ቁስሉን በቶሎ በማሳየታቸው ድኗል።

እኔ የምወስደው ኪኒን ነው፤ ስኳሬ ይወርዳል ብዬ መፍራት አለብኝ?

እንደ ኪኒኑ ነው። ሜትፎርሚን ብቻ የሚወስድ ሰው ስኳሩ ከልክ በታች የመውረዱ ዕድል ትንሽ ነው። ግሊቤንክላማይድ ወይም የዚያ ቤተሰብ የሆነ ኪኒን የሚወስድ ግን ልክ እንደ እኛ እንደምንወጋው ሰዎች መጠንቀቅ አለበት። የኪኒኑን ስም የማያውቁ ከሆነ ማሸጊያውን ለምዝገባ ሲመጡ ይዘውልን ይምጡ።

ጧት ስኳሬ ስንት ከሆነልኝ ልነሣ?

ይህ አጠቃላይ መመሪያ ነው፤ ሐኪምዎ ሌላ ቁጥር ከሰጠዎት የሚሠራው የእሱ ነው። የምንጠቀመው መለኪያ ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው።

ከ90 በታች ከሆነ መጀመሪያ የሚበላ ነገር ይውሰዱ፤ አንድ ሙዝ ወይም ቁራጭ ዳቦ። ጥቂት ቆይተው እንደገና ይለኩ። በ100 እና በ200 መካከል ላለ ሰው መንገዱ ክፍት ነው። ከ250 በላይ ሆኖ ማቅለሽለሽ፣ የሆድ ሕመም፣ የፍራፍሬ ዓይነት ሽታ ያለው ትንፋሽ ወይም በሽንት ምርመራ ኪቶን የሚባለው፣ ኢንሱሊን ሲጎድል የሚጠራቀመው አሲድ ከታየ ግን ብስክሌቱን ያቁሙና ወደ ሕክምና ይሂዱ። ኢንሱሊን በጎደለበት ሰውነት ላይ እንቅስቃሴ ሲጨመርበት ስኳሩ እንደመውረድ የባሰ ይወጣል።

መርፌዎን ጭንዎ ላይ የሚወጉ ከሆነ በዚያ ጧት ሆድዎ ላይ ያድርጉት። የሚሠራ ጭን ኢንሱሊኑን ፈጥኖ ወደ ደም ይልከዋል። ብዙዎቻችን ጧትና ማታ የምንወጋው ኤንፒኤች የተባለው ኢንሱሊን ደግሞ ከተወጋ ከአራት ሰዓት ገደማ ጀምሮ ይበረታል፤ የደከመው ሰውነትና የበረታው ኢንሱሊን የሚገናኙት በጉዞው ማብቂያ ላይ ነው ማለት ነው። የጧቱን መጠን መቀነስ ያስፈልግ እንደሆነ ሐኪምዎን የሚጠይቁት ለዚህ ነው። በራስዎ አይቀንሱ፤ ሙሉ በሙሉም አይተዉ።

ስኳሬ መውረዱን መንገድ ላይ በምን አውቃለሁ? ምንስ አደርጋለሁ?

ከስድስት ዓመት በፊት ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለውን የደንገጎን ዳገት ለመውጣት ሦስት ሆነን ተነሣን። የጧቱን መርፌ እንደወትሮው ወግቻለሁ፣ ቁርሴን በችኮላ ከግማሽ ትቼዋለሁ፣ ከሁሉም የከፋው ደግሞ አብረውኝ ለነበሩት ስኳር እንዳለብኝ አልነገርኳቸውም። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ከንፈሬ ደነዘዘ። በዚያ ፀሐይ ቀዝቃዛ ላብ አጠመቀኝ። ኪሴ ውስጥ ከረሜላ ነበረ፤ ግን በሙቀቱ ቀልጦ ከወረቀቱ ጋር ተጣብቋል፤ ጣቶቼ እየተንቀጠቀጡ መላጥ አቃታቸው፣ በጥርሴም ታገልኩ። ጓደኞቼ የደከመኝ መስሏቸው «አይዞህ፣ ትንሽ ነው የቀረው» እያሉ ቀደሙኝ።

ያተረፉኝ መንገድ ዳር ሻይ የሚያፈሉ እናት ናቸው። ፊቴን አይተው «ልጄ፣ ስኳር አለብህ እንዴ?» አሉኝ። ባለቤታቸው ስኳር ነበረባቸው። የብርጭቆውን ሩብ ስኳር ሞልተው፣ ውኃ ጠብ አድርገውበት፣ በማንኪያ እያማቱ አጠጡኝ። ያልሟሟው ስኳር ጥርሴ ላይ ሲንኮሻኮሽ አሁንም ይሰማኛል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ዓለም ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

ከዚያ ቀን የተማርኩትን ላስቀምጥ። መንቀጥቀጥ፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ የልብ መምታት፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ የዓይን ብዥታ፣ ያለ ምክንያት መቆጣት ወይም የቃል መኮላተፍ ከመጣ ወዲያው ይቁሙ። «እዚያ ጥላ ጋ ስደርስ» አይበሉ። መለኪያው ከ70 በታች ካሳየ፣ ወይም መለኪያ ከሌለ፣ 15 ግራም ያህል ፈጣን ስኳር ይውሰዱ። ይህም ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ፣ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ያህል ለስላሳ መጠጥ፣ ወይም ሦስት ትንንሽ ተምር ነው። 15 ደቂቃ ይጠብቁና እንደገና ይለኩ፤ ካልተነሣ ይድገሙት። ሲነሣ ዳቦ ወይም ብስኩት ያክሉበት። ለስላሳ መጠጡ ያለ ስኳር የተሠራው ዓይነት እንዳይሆን ያረጋግጡ። ኦቾሎኒ፣ ቸኮሌትና ሐልዋ ለዚህ ሰዓት አይሆኑም፤ ቅባት ስላላቸው ስኳሩ ወደ ደም እስኪገባ ይዘገያል።

እኔ ከረሜላ መያዝ ትቻለሁ። በባዶ የኪኒን ዕቃ ውስጥ ስኳር ሞልቼ ክዳኑን በአውራ ጣቴ ብቻ እንዲከፈት አድርጌ እይዛለሁ። ሁለት ዕቃ፤ አንዱ በኪሴ፣ አንዱ በመቀመጫው ሥር ባለችው ቦርሳ።

ጓደኛዬ ራሱን ቢስትስ?

በአፉ ምንም አያድርጉ፤ ሊታነቅ ይችላል። በጎኑ ያስተኙት፣ ከኋላ የምትከተለውን ባጃጅ ወይም ያገኙትን መኪና አስቁመው በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ይውሰዱት፤ ሲደርሱ መጀመሪያ የሚናገሩት «ስኳር አለበት፣ ኢንሱሊን ይወስዳል» የሚለውን ነው። ይህን ለማለት ደግሞ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሰው እንዲያውቅብኝ አልፈልግም። ዝም ብዬ ብነዳ ምን ችግር አለው?

ይህ ጥያቄ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ነው። ምክንያቱንም አውቃለሁ፤ ለትዳር ስትታሰብ «ስኳር አለባት» እንዳይባል እናቷ ካርዷን ቁም ሣጥን ውስጥ የቆለፉባት ልጅ አውቃለሁ። እኔ ራሴ ለሥራ ባመለከትኩበት ቦታ መርፌዬን መጸዳጃ ቤት ውስጥ ተደብቄ ስወጋ ኖሬያለሁ። ስለዚህ ለከተማው ሁሉ ያውጁ አልልዎትም።

ግን ከጎንዎ ለሚነዱት ለሁለት ሰዎች ይንገሯቸው። ስኳር ሲወርድ መጀመሪያ የሚጠፋው ማመዛዘን ነው፤ «ምንም አልሆንኩም» እያለ የሚነዳው ሰው ዋናው ታማሚ ሊሆን ይችላል። ደንገጎ ላይ ጓደኞቼ ክፉ አልነበሩም፤ አላወቁም እንጂ። በማግስቱ ስነግራቸው አንደኛው ለረጅም ጊዜ ዝም አለና «እኔ እኮ ሰነፍክ ብዬ ተናድጄብህ ነበር» አለኝ። ዛሬ ከእኔ ቀድሞ «ለካህ?» የሚለኝ እሱ ነው።

ለሚመዘገብ ሁሉ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ ካርድ እንሰጣለን። በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ «የስኳር ሕመም አለብኝ፤ ተንቀጥቅጬ ወይም ተደናግሬ ካያችሁኝ ስኳር ያለው ጣፋጭ ነገር ስጡኝ» ይላል፤ ከጀርባው የቤተሰብ ስልክ ይጻፍበታል። ድሬዳዋ ላይ የሚያነሣዎት ሰው ከሦስቱ አንዱን ቋንቋ እንደሚያውቅ እርግጠኛ ነኝ። ካርዱን በማሊያዎ ውስጥ መሸሸግ ይችላሉ። ይኑርዎት ብቻ።

በድሬዳዋ ሙቀት ኢንሱሊኔን እንዴት ልያዝ?

ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣል። የተከፈተው ከ30 ዲግሪ በማይበልጥ ቦታ ለአራት ሳምንት ያህል ይቆያል፤ የእኛ ከተማ ግን በሞቃቱ ወራት ቀን ላይ ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት በሁለት የሸክላ ዕቃ ይገላገላል፦ ትንሹን በትልቁ ውስጥ ማስገባት፣ መካከሉን በአሸዋ መሙላት፣ አሸዋውን ውኃ ማጠጣት፣ አፉን በእርጥብ ጨርቅ መሸፈን። ውኃው ሲተን ውስጡ ይቀዘቅዛል። እናቴ ጧትና ማታ ውኃ የምታጠጣው እንደ አበባዋ ነው።

በጉዞው ላይ ብልቃጡን በፕላስቲክ ጠቅልለው በእርጥብ ፎጣ ውስጥ ይያዙት። በረዶ ላይ አያስቀምጡት፤ አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራም። ጥርት ያለው ዓይነት ከደፈረሰ፣ ደፍራሹ ዓይነት ደግሞ በመዳፍ ተንከባሎ የጓጎለው ካልጠፋ ይጣል። ስትሪፑንም ከነዕቃው ክዳኑን ገጥመው ከፀሐይ ያርቁት።

መለኪያው አንዳንዴ የማይመስል ቁጥር ያሳየኛል፤ ለምን?

እጅዎን ይታጠቡ። ማንጎ ወይም ብርቱካን ልጦ ጣቱን ሳይታጠብ የለካ ሰው የማንጎውን ስኳር ነው የለካው። 300 አይቶ ደንግጦ ኢንሱሊን ቢጨምር ደግሞ ወደ ከባድ አደጋ ይገባል። ውኃ ከሌለ የመጀመሪያውን የደም ጠብታ ጠርገው ሁለተኛውን ይለኩ።

ሌላም አለ። በኃይል ሲነዱ፣ በተለይ በእሽቅድምድም፣ ጉበት የያዘውን ስኳር ስለሚለቅ ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል። ብዙ ጊዜ ራሱ ይወርዳል። ለዚህ ብለው ወዲያው መርፌ አይጨምሩ።

የትኛውን መንገድ ልምረጥ?

አጭሩ ጉዞ ከለገሃር ተነሥቶ በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር ያልፋል፣ የደቻቱን ድልድይ ተሻግሮ መጋላን ይዞራል፣ በሳቢያን በኩል ተመልሶ ከተነሣበት ይገባል። ለጀማሪ የምመክረው ይህንን ነው፤ በየጥቂት መቶ ሜትሩ ሱቅ፣ ሻይ ቤትና ጎሚስታ አለ። መካከለኛው ወደ መልካ ጀብዱ ይወስዳል፤ ሜዳ ነው፣ ግን ጥላ የለውም፤ ቢያንስ ሁለት ሊትር ውኃ ያስፈልጋል።

ወደ ሐረር የሚወስደው ለልምድ ላለው ብቻ ነው። ርቀቱ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ መንገዱ በደንገጎ ወጥቶ ሐረማያ አካባቢ ወደ 2,000 ሜትር ይደርሳል፣ ከዚያ ነው ወደ ጁገል የሚወርደው። የዳገቱ ሥራ ብዙ ስኳር ይበላል፤ የጭነት መኪናውም ብዙ ነው። ስኳር ያለበት ሰው እዚህ ዳገት ላይ ብቻውን እንዲነዳ አንፈቅድም። በየግማሽ ሰዓቱ ቆመን እንለካለን፤ ከመጀመሪያው ሰዓት በኋላ በየሰዓቱ አንድ ትልቅ ሙዝ ወይም ያን የሚያህል ምግብ እንበላለን።

ሁሉም መንገድ ከጧቱ 12 ሰዓት ይጀመራል፤ ፀሐዩ ሳይበረታ አብዛኛው ሰው እንዲገባ ነው። ጉዞውን ለዓለም የስኳር ሕመም ቀን በሚቀርበው እሑድ ያደረግነውም በከፊል ኅዳር ስለሚቀዘቅዝልን ነው። ቀኑ በእኛ ኅዳር 5፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 14 የሚውለው በፈረንጆቹ 1921 ከባልደረባው ቻርልስ ቤስት ጋር ኢንሱሊንን ያገኘው የፍሬድሪክ ባንቲንግ ልደት ስለሆነ ነው። በጥር 1922 ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ የተወጋው ታማሚ በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለ ልጅ ነበር። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ የሚጠብቀው ሞት ብቻ ነበር።

ጫት ቅሜ ብነዳስ?

አይሆንም። ይህን ስናገር የሚከፉ ወዳጆች አሉኝ፤ በዚህ አገር ጫት የእንግዳ መቀበያ መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን ጫት የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል፤ መንቀጥቀጡና ላቡ የጫቱ ይሁን የወረደው ስኳር መለየት ያስቸግራል። ቃሚው ምሳውን ይዘልላል፣ መርፌውን ይረሳል፣ ከጎኑ የቀረበውን ለስላሳና ስኳር የበዛበት ሻይ ደግሞ ይጠጣል። ቢያንስ ከጉዞው ዋዜማ ጀምረው ይተዉት፤ የዋዜማው እንቅልፍም ያስፈልግዎታል።

በረመዳን ወይም በዐቢይ ጾም ልምምድ ማድረግ እችላለሁ?

ጾሙ ሥጋና ወተት ከመተው ውጭ የምግብ ሰዓትዎን የማይለውጥ ከሆነ ችግር የለውም፤ ሽሮና ምስር የያዘ ገበታ እንዲያውም መልካም ነው። ውኃ ሳይቀር የሚከለከልበት ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይበት ቀን ከሆነ ግን በባዶ ሆድ አይንዱ። የረመዳን ልምምዳችንን ከኢፍጣር በኋላ አድርገነዋል፤ በመጠነኛ ፍጥነት፣ መብራት ባለበት መንገድ። በጾም ላይ ሳሉ ስኳርዎ ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ ጾሙን ማፍረስ እንደሚገባ የሕክምና መመሪያዎች ያዝዛሉ፤ የእምነት አባቶችም ለታመመ ሰው ሕጉን እንደሚያቀሉ ከእነሱው ሰምቼዋለሁ።

ሐረሮች ሁልበት የሚሉት አብሽ ስኳር ያወርዳል ይባላል፤ መርፌውን ይተካል?

አይተካም። ከምግብዎ ጋር ይጠጡት፤ መርፌዎንም ይውጉ።

ልጄ 12 ዓመቱ ነው፤ እንዲነዳ ልፍቀድለት?

በአጭሩ ጉዞ ላይ፣ እርስዎ ወይም ታላቅ ወንድሙ አብራችሁ ከነዳችሁ፣ ይምጣ። ልጅ ሲጫወት መቆም አይወድም፤ ስለዚህ መለኪያውን የሚይዘውና «አሁን እንቁም» የሚለው ትልቁ ሰው ይሁን። ባለፈው ጊዜ ሁለት ልጆች በከዚራ ጥላ ሥር ተቀምጠው ጣታቸውን ወግተው ቁጥራቸውን ሲያወዳድሩ አየሁ። አንደኛው ከዚያ ቀን በፊት ከራሱ ሌላ ስኳር ያለበት ልጅ አይቶ አያውቅም ነበር።

ገንዘቡ እንዴት ይሰበሰባል? ደኻ ነኝ፣ መክፈል አለብኝ?

መክፈል የለብዎትም። እያንዳንዱ ነጂ ዘመድ ወዳጁን በኪሎ ሜትር ቃል ያስገባል፤ አንዱ 10 ብር፣ ሌላው 50 ብር። እድር ወይም አፎቻ ያለው ሰው በስብሰባ ላይ አንሥቶ ይጠይቅ፤ እስካሁን ባዶ እጁን የተመለሰ አላየሁም። ገንዘቡ በባንክ ወይም በቴሌብር ይገባል፣ ደረሰኝ ይሰጣል። በጥሬው ለነጂው በእጅ አይሰጥም።

ጉዞው ሲያልቅ ፈጢራ መብላት ይቻላል?

ይቻላል፤ ማሩን ቀነስ አድርገው፣ ከእንቁላሉ ጋር። ከዚያ በፊት ግን ይለኩ፣ ውኃ ይጠጡ፣ እግርዎን ይመልከቱ።

ስለዚያ ሌሊት ደግሞ አደራ እላለሁ። ጡንቻ ያጣውን ስኳር ተኝተው ሳሉም ከደም ይወስዳል፤ ብዙ ሰው የሚወርድበት በጉዞው ላይ ሳይሆን ከሌሊቱ ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ከመተኛትዎ በፊት ይለኩ፤ ከ100 በታች ከሆነ ዳቦ ከወተት ጋር ይውሰዱ። የስልክዎን ማንቂያ ለሌሊቱ ስምንት ሰዓት ይሙሉት፤ በቤት ውስጥ ላለ ለአንድ ሰው ደግሞ «በዚያ ሰዓት ባልነሣ ቀስቅሱኝ» ብለው ይንገሩት። የስኳሩን ዕቃ ትራስዎ አጠገብ፣ በጨለማ እጅዎ የሚያገኘው ቦታ ላይ ያስቀምጡ።